ሌላ ያምጣ! ወይም ዱላ ሳልወዘውዝ እንዴት እንዳሸነፍኩ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ አጠገብ ባለችው ጀርሚስተን ውስጥ ስለ ቤዝቦል የሚያውቅ ሐበሻ አምጡ ቢባል እኔን ነው ይዘው የሚመጡት። ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ አይደለም፤ ሌላው ስለማያወራ ነው። ፈጣሪ ለእኔ ሁለት ነገር ሰጠኝ፦ መልክና አፍ። መልኩን በኮሮና ጊዜ ማስክ ሸፈነው። አፌን ግን ማስኩም አልቻለውም።

ትምህርት እንዳትጠይቁኝ። ስድስተኛ ክፍልን በጣም ስለወደድኩት ደግሜ ተማርኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ያው መስሎ ስለታየኝ ተውኩት። ደግሞም ከዱራሜ ተነስቼ ጆበርግ እስክገባ ድረስ ስንቱን ድንበር ሳልፍ አንድም ሰው «ሰርተፊኬትህ የታለ?» አላለኝም። አሁን የአጎቴ ልጅ ጫማ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ሱቅ ስላችሁ ሰፊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያኔ መንግሥት ሻጭና ገዢ ተራርቀው ይቁሙ ብሎ ሲያውጅ፣ ሕጉን ለማክበር አንዳችን ጎረቤት ሱቅ ገብተን መቆም ነበረብን። ጫማው እስከ ጣሪያው በካርቶን ተደርድሯል። ለማውረድ መሰላል አለ። መሰላሉ ላይ የሚወጣው ጌታ እኔ ነኝ። ስሜንማ እዚህ አገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ሱቅ ውስጥ የቆመ ሐበሻ በሙሉ ስሙ «ማይ ፍሬንድ» ነው።

ቤዝቦሉ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ግን እትዬ ታደለችን ላስተዋውቃችሁ። ያለሳቸው ይሄ ወሬ በእግሩ አይቆምም።

እትዬ ታደለች የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። ሲጸልዩ ጋኔን ይወጣል ይባላል። እሱን አላየሁም፤ ጫማ ሲገዙ የሻጭ ነፍስ ስትወጣ ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ነፍሷ የእኔ ነበረች። መጀመሪያ የወረደላቸውን ጫማ በጭራሽ አይነኩትም። በዓይናቸው ብቻ ገረፍ ያደርጉትና «ሌላ አምጣ» ይላሉ። ሌላ ይመጣል። «ከዚህ ሰፋ የሚል የለም?» ይመጣል። «ሶሉ ወፈር ያለስ?» እሱም ይመጣል። አንዳንዱን ደግሞ የእግራቸውን ጫፍ ብቻ ሰካ ያደርጉበትና «ጠበበኝ» ብለው ያወጡታል። የራሳቸው ቁጥር ነው እኮ! መጨረሻ ላይ መደርደሪያው ባዶ፣ ወለሉ ካርቶን በካርቶን፣ እኔ መሰላሉ ላይ እንደ ዝንጀሮ ተንጠልጥዬ ትከሻዬ አልታዘዝ ሲለኝ፣ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ «ጌታ ይባርክህ፣ ዞር ብዬ ልምጣ» ብለው ውልቅ ይላሉ፤ ወይ ደግሞ እኔ ፈዝዤ፣ ለሌላ ሰው የደበቅኩትን ምርጡን ጫማ በስህተት አወርድላቸዋለሁ። እሷን ስህተት ነው ሲጠብቁ የነበረው። ቀለብ ያደርጓታል።

አንድ ቀን ታዲያ ከልጃቸው ከሜሮን ጋር መጡ። ሜሮን እዚሁ ጆበርግ ነው የተወለደችው። አማርኛዋን እንደ ክት ልብስ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምታወጣው። ማልያ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ ወፍራም ዱላ አጋድማ ስትገባ ደነገጥኩ።

«ዱላው ለማነው?» አልኳት መሰላሉ ላይ ሆኜ። «ለሌባ ነው ለሻጭ?»

«ቤዝቦል ነው ባክህ» አለች። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «ማሚ፣ ፕሊስ፣ የመጀመሪያው እኮ ናይስ ነበር።»

«ዝም በይ አንቺ! ሌላ ያምጣ!» አሉ እትዬ ታደለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ልባም ሰው ካርቶኑን አውርዶ ዝም ይላል። እኔ ግን ልባም ብሆን ኖሮ ይሄን ወሬ ማን ያወራላችሁ ነበር?

«ቤዝቦልማ አገር ቤት ስጫወት ነው ያደግኩት» አልኳት።

«ሲሪየስ?»

«ሰው ከሩቅ መንደር እኔን ለማየት ነበር የሚመጣው።»

ውሸት አይደለም። ማለቴ ብዙው ውሸት አይደለም። ገና እንጫወት ነበር። ገናም ዱላና ኳስ ነው፤ ቤዝቦልም ዱላና ኳስ ነው፤ የቀረው የስም ጉዳይ ነው ብዬ ነው። ሰውም ከሩቅ መጥቶ ነበር፤ የበሬውን ቀንድ በኳስ ስለሰበርኩበት ካሣ ሊጠይቅ።

ሜሮን ዓይኗ በራ። «እሁድ ና በቃ! ሁለት ልጆች ኮቪድ ይዟቸው ተዘግተዋል። ስምንት ብቻ ቀረን፤ ዘጠኝ ካልሞላን አንጫወትም። ካልተጫወትን ደግሞ ሜዳው ይሄዳል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳውን የሚያከራየው ሰውዬ በሎክዳውኑ ሕግ ምክንያት ከሁለቱ ቡድን አንዱን ብቻ ነው የማስገባው ብሏል። እሁድ ያሸነፈ ሜዳውን ይወስዳል፤ የተሸነፈ ዱላውን ይዞ ቤቱ ይገባል። የነሜሮንን ቡድን የሚያሠለጥነውን ሽማግሌ ሁሉም «ምኩሉ» ነው የሚለው፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። ያንን ሜዳ ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅሞ፣ ሣሩን ተክሎ ያቀናው እሱ ነው አለችኝ። ሜዳው ከሄደ ምኩሉ ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

«ሜዳውንማ ወስጄዋለሁ በይ» አልኳት፣ ከመሰላሉ ላይ እጄን እያወናጨፍኩ። «ኳሷን ከከተማው ማዶ፣ ኮዝሞ ሲቲ ድረስ ነው የምልካት።»

እትዬ ታደለች ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ወሬውን ተውና ጥቁሩን አውርድልኝ።»

እሁድ ጉባኤው በዙም ነበር። ካሜራዬን አጠፋሁ፣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ፣ በመንፈስ ከምእመናኑ ጋር በሥጋ ደግሞ ሜዳው በር ላይ ተገኘሁ። ምኩሉ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ ጋርዶ ግንባራችንን እየለካ ያስገባል። ኳሷ ከእጅ ወደ እጅ ስለምትሄድ በየመሃሉ በሳኒታይዘር ትታጠባለች። ያን ሰሞን መጠጥ መሸጥ ተከልክሎ ከተማው በሙሉ በጥማት ሲያዛጋ፣ አልኮል የምታገኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ዱላውን ሰጡኝ። እኔም እንደ አገሬ ወግ ጫፉን መሬት አስነክቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ኳሷን ከሣሩ ላይ ልጠልፍ ተዘጋጀሁ።

ምኩሉ ዱላውንም እኔንም አየ። «ማይ ፍሬንድ» አለ፣ «ልትጠርግልን ነው?»

ሜሮን ማስኳን ይዛ ወደዚያ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ታየኝ።

ከዚያ ምኩሉ ዱላውን ትከሻዬ ጋ አስይዞኝ ጨዋታውን አስረዳኝ። ለእናንተም ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ ለእኔ የገባ ለማንም ይገባል። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል። በፊትህ ባለው አየር ላይ፣ ከጉልበትህ እስከ ደረትህ፣ የማትታይ መስኮት አለች። ኳሷ በመስኮቷ ገብታ ዝም ካልካት፣ ወይ ሰንዝረህ ከሳትካት፣ ስትራይክ ነው፤ ሦስት ስትራይክ ከሆነ ተቃጠልክ። ከመስኮቷ ውጪ መጥታ ዝም ካልካት ደግሞ ቦል ይባላል፤ አራት ቦል ከሆነ ምንም ሳትመታ በነፃ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ትሄዳለህ። ቤዝ ማለት መሬት ላይ የተቀመጠች ትራስ ናት። ሦስቱን ትራስ ዞረህ ወደተነሳህበት ስትመለስ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ሰው ከተቃጠለ ተራው ያልፋል። አለቀ። ሚኒስትሪ የሚያስወድቅ ነገር የለውም።

መለማመጃ ላይ ሜሮን ወረወረችልኝ። ሳትኩ። ቀስ አድርጋ ወረወረችልኝ። ሳትኩ። እንደ ሎሚ ወደ ላይ ወርወር አድርጋ ጣለችልኝ፤ እሷን አገኘኋት፣ በጉልበቴ።

ምኩሉ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ማይ ፍሬንድ፣ አንተ ዱላውን አትሰንዝር። ዝም ብለህ ቁም። እነሱ ዛሬ ያላቸው ወርዋሪ አንድ ነው፤ ሌላው ታሞ ተዘግቷል። ልጁ አደገኛ ነው፤ ግን ክንድ ሥጋ ነው። ብዙ ባስወረወርነው ቁጥር ክንዱ ይሞታል። የኛ ሥራ መምታት አይደለም፣ ማስወርወር ነው።»

እስቲ ፍረዱ! እኔን የሚያህል ጎረምሳ፣ ማልያ አልብሰው፣ «ቁም»!

«ለመቆምማ የመብራት ምሰሶ አታቆሙም ነበር?» አልኩት።

«ምሰሶ ማልያው አልሆን ብሎት ነው» አለ ምኩሉ። ሽማግሌውም ለካ አፍ አለው።

ወርዋሪያቸው ቡሌት ነው የሚሉት፤ ጥይት። ቁመቱ የእኔ መሰላል ያህላል። ወደ መምቻው ስሄድ ከኋላዬ የእነሱ ተቀባይ ቁጢጥ ብሏል፤ ፊቱ ላይ የሱቅ መስኮት ብረት የመሰለ አጥር አስሯል። ከእኔ ጀርባ ብረት ለብሶ የተቀመጠ ሰው ካለ የሚመጣው ነገር ጤና እንዳልሆነ መገመት ነበረብኝ። እኔ ግን ሜሮንን ነበር የማየው።

የመጀመሪያዋን ኳስ አላየኋትም፤ ሰማኋት እንጂ። ቿ! ብላ ከኋላዬ ጓንት ውስጥ ገባች። በሁለተኛዋ ምክሩን ሁሉ ረስቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ሰነዘርኩ፤ ዞርኩ፤ ማስኬ ከአፍንጫዬ ተነስቶ ዓይኔ ላይ ሄደ። ሦስተኛዋን በጨለማ ነው የሰነዘርኩት። ስወድቅ ጨረቃ ላይ የወረድኩ ያህል አቧራ ተነሳ። ዳኛው በጥፊ ሊመታኝ ይመስል እጁን አንስቶ አባረረኝ።

«እየሞቅኩ ነው» አልኩት ለምኩሉ።

«እኛ በርዶናል» አለኝ።

ተራው አልፎ እኛ ስንከላከል ከሁሉም ርቄ ጥግ ላይ እንድቆም ተደረገ። እዚያ ኳስ አይመጣም ብለውኝ ነበር። መጣች። እኔም በትህትና አሳለፍኳት። እነሱ ትራሶቹን እንደ ሠርግ እየዞሩ ነጥብ በነጥብ ሆኑ። ምኩሉ ኮፍያውን አውልቆ ሣሩን አየው፤ ልክ የሚሸኙትን ሰው እንደሚያዩት። ያን ጊዜ ነው፣ አይዋሽም፣ አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረቀው። ዘጠኝ ለመሙላት መጥቼ ስምንት አድርጌ ነው ያጎደልኳቸው።

ተመልካች በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሜዳው እንደ መቃብር ጭር ብሏል። ሁለተኛው ተራዬ ደርሶ ዱላዬን ይዤ ስቆም፣ ከሽቦው አጥር ውጪ የማውቀው ድምፅ መጣ። ጉባኤው አልቆ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት እትዬ ታደለች ናቸው። ለካ ስንት ዓመት ከዚያ አጥር ጀርባ ቆመው ሲያዩ ኖረዋል።

ቡሌት ወረወረ። ዱላዬን ላነሳ ስል፣

«አንተ ልጅ! የመጣልህን ሁሉ ትወስዳለህ እንዴ?» አሉ። «ሌላ ያምጣ!»

እጄ በድንጋጤ ደረቀ። ኳሷ ጉልበቴ ሥር አለፈች። «ቦል!» አለ ዳኛው።

ቡሌት በሱሪው እጁን ጠረገ፣ ወረወረ።

«እንዳትነካት! ጠማማ ናት! ሌላ ያምጣ!»

«ቦል!»

እዚያ ሜዳ ላይ ከእኔና ከሜሮን በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም፤ ለሌላው የጸሎት ነገር ነው የመሰለው። እኔ ግን የቡሌትን ፊት አየሁ። ግንባሩን አኮማትሮ፣ ትከሻውን እያሸ፣ ኳሷን እያገላበጠ... ይሄን ፊት የት ነው የማውቀው? የት ነው የማውቀው? ከዚያ በራልኝ። የራሴ ፊት ነው! መሰላል ላይ ያለ ሰው ፊት ነው! ይሄ ሁሉ ጥይት ጥይት የተባለለት ልጅ ለካ ጫማ ሻጭ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በስህተት በሻጭ ወገን ቆሜ ኖሬ እንጂ፣ እትዬ ታደለችን መሆን እንዴት እንደሆነ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ በትከሻዬ ነው የተማርኩት።

ዱላዬን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ልክ እንደ እሳቸው በዓይኔ ብቻ ገረፍ አደረግኳት። ይሄ ምንድነው? ሶሉ ቀጭን ነው፣ ሌላ። ይሄስ? ቀለሙ አልጣመኝም፣ ሌላ። አንዷ በመስኮቷ ገብታ ስትራይክ ሆነች፤ ይሁን፣ እትዬ ታደለችም አንዳንዴ ጥሩ ጫማ ያመልጣቸዋል። አራተኛዋ ቦል ስትመጣ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ሄድኩ። አልሮጥኩም። ቦርሳ አንጠልጥዬ ከሱቅ እንደሚወጣ ሰው፣ ግራ ቀኝ እያየሁ።

ከዚያ ወዲያ በሽታው ለሁሉም ተላለፈ፤ ከኮሮናም ባሰ። ምኩሉ ጠዋት ሲለፈልፍ የነበረውን ልጆቹ አሁን በዓይናቸው አዩት። ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ያስወረውራል። ሜሮን ደግሞ የባሰባት ናት። ጥሩ የሆነችውን ኳስ በዱላዋ ጫፍ ነካ እያደረገች ወደ ጎን ትሰዳታለች። ፋውል ይሉታል፤ እንዲህ ስትነካ አትቃጠልም፣ አታገኝም፣ ወርዋሪው ግን ደግሞ መወርወር አለበት። ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ? ጫፉን ሰካ አድርጎ «ጠበበኝ» ነው! የእናቷ ልጅ! ቡሌት ወረወረ፤ ጠበበኝ። ወረወረ፤ ጠበበኝ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። በመሃል ኳሷን በሳኒታይዘር ሲያጥቡበት የራሱንም ፊት ታጠበበት፤ ዓይኑ ተቃጥሎ ሌላ ጊዜ ጠፋ። በመጨረሻ እጁ ዝሎ አንዷን ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ለሌላ ሰው የተደበቀ ጫማ የመሰለች ኳስ ላካት። ሜሮን በዱላዋ ቀለብ አደረገቻት። ኳሷ ከአጥሩ ውጪ ከእናቷ እግር ሥር አረፈች።

«ይሄው ነው!» አሉ እትዬ ታደለች። ኳሷን አንስተው አገላብጠው ካዩ በኋላ መለሷት። አልገዟትም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ነጥቡን ደረስንበት፤ እኩል ሆንን። የመጨረሻው ተራ የእኛ ነው። ሁለት ሰው ተቃጥሎብናል። ሦስቱም ትራስ ላይ የእኛ ሰው ቆሟል፤ ሦስተኛው ላይ ያለችው ሜሮን ናት። እሷ ወደተነሳችበት፣ «ቤት» ወደሚሉት፣ አንድ ጊዜ ከገባች ሜዳው የምኩሉ ነው። አሁን የሚመታው ማነው? ገምታችኋል።

ሌላ ወርዋሪ የላቸውምና ቡሌት አሁንም እዚያው አለ፤ ክንዱ ግን ከትከሻው የተሰፋ ሳይሆን የተንጠለጠለ መስሏል። ወረወረ፤ ቦል። ወረወረ፤ ስትራይክ። እንዲህ ስንባባል ሦስት ቦል ሁለት ስትራይክ ላይ ደረስን። አንዲት ኳስ ቀረች። በመስኮቷ ከገባችና ዝም ካልኩ ተቃጥዬ ሁሉም ነገር አበቃ፤ ከሳተች ግን እኔ በነፃ ወደ መጀመሪያው ትራስ ስሄድ ፊቴ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ትራስ ይገፋሉ፣ ሜሮንም ቤት ትገባለች፤ አሸነፍን።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ሰዓት ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ቁጭ አለ። «ልትቆም ነው?» አለኝ። «አንተ? ኮዝሞ ሲቲ ድረስ ያልከው ሰውዬ? ልጅቷ እያየችህ? ምታት እንጂ!» ክንዴ በረታ። ጣቶቼ ዱላውን አነቁት። ምኩሉ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። እትዬ ታደለች እንኳ ያን ጊዜ ዝም አሉ፤ እሳቸው ዝም ካሉ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ቡሌት ክንዱን አነሳ። እኔ ግን ክንዱን ትቼ ፊቱን አየሁ። የመጨረሻዋን ካርቶን የሚያወርድ ሰው ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ቁጥሩን አያይም። እጁ የደረሰበትን ነው የሚስበው።

ስለዚህ እኔ፣ ወሬኛው፣ ከዱራሜ እስከ ጀርሚስተን ዝም ብዬ የማላውቀው፣ ዝም አልኩ።

ኳሷ ጥሩ መስላ መጣች፣ መጣች፣ መጣችና ከጉልበቴ በታች ዝቅ ብላ መሬቷን ሳመቻት። ዳኛው ለረጅም ጊዜ አሰበ። እኔ አምስት ኪሎ ቀነስኩ።

«ቦል!»

ሜሮን እየጨፈረች ገባች። በቤዝቦል ታሪክ እንደዚያ የሚያስጠላ አሸናፊነት የለም ይላሉ፤ በመጨረሻዋ ኳስ ማንም ምንም አልመታም፣ ማንም አልሮጠም። ምኩሉ ግን ሣሩ ላይ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳበሰው። ማንም አላየኝም ብሎ ነው።

ሜሮን መጥታ በክርኗ ክርኔን ገጨችኝ፤ ያን ጊዜ መተቃቀፍ በሕግ ወንጀል ነበር፤ መንግሥት አይወደኝም። «ዩ ዲድ ናሲንግ» አለችኝ። «ምንም አላደረግክም እኮ! ቢዩቲፉል ነበር!» ከዚህ በላይ የተመሰገነ ሰው ካለ ይምጣ።

ቡሌትም ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ መጣ። «ማይ ፍሬንድ፣ ይሄን ትዕግሥት ከየት አመጣኸው?»

«ሱቄ ና» አልኩት። «ጫማም ትገዛለህ፣ ምንጩንም ታያለህ።»

ቅዳሜ ዕለት ቡሌት መጣ። ሲገባ እኔ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነኝ፤ ወለሉ ካርቶን በካርቶን ነው፤ እትዬ ታደለች መሃል ላይ ቆመዋል። ሜዳውን አብረን ስላስቀረን ትንሽ የሚራሩልኝ መስሎኝ ነበር። የዋህ ነኝ።

«ይሄም አልሆነኝም። ሌላ አምጣ።»

«እትዬ፣ በቃ እኮ አለቀ። ጣሪያው ብቻ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ዞር ብዬ ልምጣ። ጌታ ይባርክህ ልጄ።» ማስካቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ሳይሮጡ፣ ግራ ቀኝ እያዩ ወጡ።

ቡሌት አካሄዳቸውን በዓይኑ ሸኘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ተንጠልጥሎ የቀረውን ክንዴን አየና፣ ልክ እንደ ዳኛው እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ «ቦል ፎር!» አለ፤ አራተኛዋ ቦል።

እኔ ትከሻዬን እያሸሁ መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ፣ ከጎረቤት ጫማ ሱቅ፣ መሰላል ሲጎተት ተሰማ፤ ቀጥሎም የእትዬ ታደለች ድምፅ፦

«እሱን ተወው። ሌላ የለህም?»